ለልምምድ የላክኋቸው ልጆች ሻይ ያመላልሳሉ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ውስጥ የእንጨት ሥራ አሰልጣኝ ነኝ። በትብብር ሥልጠናው፣ ማለትም ተቋሙና ድርጅቶች በጋራ በሚሰጡት፣ ሰልጣኝ 70 በመቶውን በተግባር፣ 30 በመቶውን በንድፈ ሐሳብ መማር አለበት። ዘንድሮ 14 ልጆች የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ወደ ከተማው ወርክሾፖች ሄዱ። ሰንበት ብዬ ብጎበኛቸው ግማሾቹ ይጠርጋሉ፣ ሻይ ያመላልሳሉ፤ አንዱማ የባለቤቱን ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ባለቤቶቹ «ማሽን ካስነካናቸው ዕቃ ያበላሹብናል» ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባለወርክሾፖቹን ለመውቀስ አትቸኩዪ። የኤምዲኤፍ፣ የዚያ ተጨፍልቆ የሚሠራ የእንጨት ሰሌዳ፣ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ቀን ይቆጥራል፤ በዚህ መሃል የማያውቁት ልጅ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ በር ላይ ይቆማል። ያ ወረቀት ለባለቤቱ ምን ያደርግለታል?

እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የምልከው። ሲመለሱ ሎግ ቡካቸውን፣ የየቀኑን ሥራ የሚመዘግቡበትን ደብተር፣ እከፍታለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ «ዛሬ የቁም ሳጥን ሥራ ተለማመድኩ» ይላል። ፊርማው ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተፈረመ። አንጀቴ እያረረ ማርክ ሞልቻለሁ።

አንድ ዓመት ግን ደብዳቤውን ትቼ ራሴ ሄድኩ። ሰውዬው የኪችን ካቢኔት ይሠራል። «ልጅ ተቀበለኝ» አላልኩትም፤ «እዚህ ቤት ምን ያስቸግርሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። ወደ ጓሮ ወሰደኝና የቁርጥራጭ ክምር አሳየኝ። ሠራተኞቹ ከየጥጉ እንዳመቻቸው ስለሚቆርጡ ትርፉ እዚያ ይቀራል። የሚቀጥለውን ትእዛዝ የአቆራረጥ ፕላን የሚያወጡለት ሁለት ልጆች እንደምልክለት ነገርኩት። ከዲናችን ጋር ተነጋግሬ ደግሞ ልጆቹ ቢያበላሹ እስከ አንድ ኤምዲኤፍ ከልምምድ ዕቃችን እንደምንተካ ቃል ገባሁለት። በሩን የከፈተልን ይሄ ቃል ነው።

ትእዛዙ 24 የካቢኔት ጎን ነበር፣ 61 በ80 ሳንቲም። ሙሉው ኤምዲኤፍ 122 በ244 ነው። አንዷ ልጅ ተቀምጣ ሠራችው፦ 61 ሁለት ጊዜ 122፣ 80 ሦስት ጊዜ 240፤ ከአንዱ 6፣ ከአራቱ 24። ወረቀቱ ላይ እንከን የለውም፣ እኔም አይቼ አሳልፌዋለሁ። መጋዙ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ልክ 61 ሆነ፣ ሁለተኛው 60.7። ልጅቷ ሜትሮውን ሦስት ጊዜ ዘርግታ ለካችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ዱቄቱን አየችና «መጋዙ በላው!» አለች። የመጋዙን ውፍረት፣ ያችን 3 ሚሊ፣ እኔ በቃል ስንት ጊዜ አስተምሬያታለሁ መሰለሽ። ያን ዕለት ግን ገባት። ባለቤቱ ደንበኛውን አስፈቅዶ ጥልቀቱን 60 አደረገው፣ የተቆረጠውም ተላግቶ ገባ። ሥራው በ4 ኤምዲኤፍ አለቀ። ሰውዬው በሚቀጥለው ወር ራሱ ደወለልኝ።

ስለዚህ 14ቱንም ባንድ ጊዜ አትበትኚ። ሁለት ወርክሾፕ ምረጪና የሚያስቸግራቸውን ጠይቂ፤ የአቆራረጥ ፕላን ሊሆን ይችላል፣ የዋጋ ማቅረቢያ ማዘጋጀት ሊሆን ይችላል፣ የዕቃ ቆጠራም ቢሆን አትናቂው። ልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንት ማሽን አይንኩ፤ ይለኩ፣ ይጻፉ። አንቺም በሳምንት ግማሽ ቀን እዚያው ተገኚ። አሰልጣኙ የማይታይበት ቤት ልጁ ተላላኪ ቢሆን አይገርመኝም። የሚሠሩትን፣ የሚያሳያቸውን ባለሙያና የሥራ ሰዓቱን በጽሑፍ ተስማሙ። 18 ዓመት ያልሞላቸው ካሉ ልብ በይ፤ የሥራ ሕጉ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይላል፣ ለሰልጣኝም ከዚያ አትለፊ።

ያንን የባለቤቱን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰውን ግን ለነገ አትበዪው። ባለቤቱን በአክብሮት አነጋግሪና በዚሁ ሳምንት አውጪው።

የዚያችን ልጅ ፕላን ኮፒ በዝግጅት ክፍሉ በኩል እልክልሻለሁ። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «3 ሚሊ» ብላ ጽፋበታለች።