መልስ፦ ከደሴ ሆኖ ለስደተኞች መሟገት ከየት ይጀመራል?

ጤና ይስጥልኝ። «ደሴ ላይ የስደተኛ ጣቢያ ሳይኖር ለስደተኞችና ለጥገኝነት ጠያቂዎች ሰብዓዊ አያያዝ እንዴት እንቀስቅስ?» ላሉት ጥያቄ የማውቀውን ላካፍልዎ።

በመጀመሪያ ቃላቱን ይለዩ። በ2013 ክረምት ከራያና ከወልዲያ አካባቢ መጥተው በከተማችን ትምህርት ቤቶች የተጠለሉት ወገኖቻችን የአገር ድንበር ስላልተሻገሩ በሕግ አነጋገር ተፈናቃዮች እንጂ ስደተኞች አልነበሩም። ስደተኛን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሲሆን፣ ሰውን አደጋ ወደሚጠብቀው አገር በግድ መመለስን ከመከልከሉም በላይ የመማርና በተወሰኑ ሁኔታዎች የመሥራት መብትን ያውቃል። ክርክራችሁ «እንዘንላቸው» ከማለት ይልቅ በዚህ አዋጅ ላይ ቢቆም እመርጣለሁ፤ ለባለሥልጣን ደብዳቤ ስትጽፉ የምትጠቅሱት አንቀጽ ያስፈልጋችኋልና።

ሕዝቡን ለማሳመን ግን አንቀጽ ብቻውን አይበቃም። ብዙ የወሎ ቤተሰብ ልጁን በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ስለሸኘ፣ በሰው አገር መጉላላት ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቃል (ሰኞ ገበያ ላይ ቡና እየጠጡ ቢጠይቁ ይነግሩዎታል)። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በአክሱሙ ንጉሥ ዘንድ ጥገኝነት ማግኘታቸውም ለደሴ ሼኾችና ቀሳውስት የጋራ መነሻ ይሆናል።

ሰልፍ ካሰባችሁ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርባችኋል።