ሚኒስትርነትን ለምትመኝ ተማሪ፦ ሙያው ይቅደም ወይስ ፓርቲው?

ውድ እኅቴ፣

የፖለቲካ ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽና የጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩትን ዮኮ ካሚካዋን አርአያ አድርገሽ እንደያዝሽ ጽፈሽ፣ እንደተመረቅሽ ፓርቲ ውስጥ መግባት ይሻልሽ እንደሆነ ወይስ አስቀድመሽ በሌላ ሙያ መሥራት ጠይቀሽኛል። የምመክርሽ ሙያውን እንድታስቀድሚ ነው፤ አርአያሽም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካሚካዋ ሦስት ጊዜ የፍትሕ ሚኒስትር፣ ከ2023 እስከ 2024 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ በፊት ግን በሚትሱቢሺ የምርምር ተቋም በተመራማሪነት ሠርተዋል፤ በ1988 ከሃርቫርድ በሕዝብ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ይዘዋል፤ በአሜሪካዊው ሴናተር ማክስ ባውከስ ቢሮም በፖሊሲ ሥራ አገልግለዋል። በ1996 በትውልድ ከተማቸው በሺዙኦካ ለምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ። በ2000 አባል የነበሩበትን ገዢውን የሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ በግል ተፎካክረው ሲያሸንፉ 47 ዓመታቸው ነበር፤ ፓርቲው በዚሁ ምክንያት አባሯቸው ኋላ መልሶ ተቀበላቸው። በ2009 ወንበራቸውን እንደገና አጥተው በ2012 ተመለሱ።

ጃፓኖች ለምርጫ ሦስት «ባን» ያስፈልጋል ይላሉ፦ ጂባን የሚደግፍ አካባቢ፣ ካንባን የታወቀ ስም፣ ካባን ደግሞ ገንዘብ ያለበት ቦርሳ ነው። ብዙዎች ሦስቱንም ከአባታቸው ይወርሳሉ፤ ከካሚካዋ በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የዮሺማሳ ሀያሺ አባት የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። የቦርሳው ነገር ቀልድ አይደለም፤ በአንድ የምርጫ ክልል ለመወዳደር 3 ሚሊዮን የን ማስያዝ ግድ ሲሆን፣ ከድምፁ አንድ አሥረኛ ያላገኘ ዕጩ ገንዘቡ ይወረስበታል። እንዲህ ያለ ውርስ የሌለው ሰው ሲሸነፍ ተመልሶ የሚቆምበት ሙያው ብቻ ነው።

ምክሬ ከጃፓናዊት ተማሪ ይልቅ ለአንቺ ይበልጥ ይሠራል። የጃፓን ሕገ መንግሥት አብዛኞቹ ሚኒስትሮች የምክር ቤት አባላት እንዲሆኑ ሲያስገድድ፣ የእኛው አንቀጽ 74 ግን የምክር ቤት አባል ያልሆነ፣ ብቃት ያለው ሰውም በዕጩነት እንዲቀርብ ይፈቅዳል።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ነገር ልጨምር። በጃፓን የሞት ፍርድ የሚፈጸመው የፍትሕ ሚኒስትሩ ሲፈርሙ ነው፤ በጁላይ 2018 በ1995 የቶኪዮን የምድር ውስጥ ባቡር በመርዝ ጋዝ ያጠቃው የኦም ሺንሪክዮ የሃይማኖት ቡድን አሥራ ሦስት አባላት የተሰቀሉት በካሚካዋ ፊርማ ነበር። ፎቶግራፋቸውን ስታዪ ይህንንም አስቢው።

ለጊዜው ስታቲስቲክስን አጥኚ፣ አንድ አዋጅ መርጠሽም ጊዜ ለሌለው ኃላፊ በሁለት ገጽ አስረጂ። ጽሑፉን ከላክሽልኝ አርሜ እመልስልሻለሁ፤ ለመጀመሪያው የሥራ ማመልከቻሽም አባሪ ይሆንሻል።