ኤሊዎ ሞቋታል፤ ፀሐይስ አግኝታለች?

ሰሞኑን ከሀዋሳ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሙቀትንና ዩቪቢን እንደ አንድ ነገር የቆጠሩ ናቸው። ሙቀት ኤሊዋ እንድትበላና የበላችው እንዲፈጭላት ያደርጋል። ዩቪቢ የሚባለው ለዓይን የማይታይ የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ቆዳዋ ቫይታሚን ዲ3 እንዲሠራ ያደርጋል። ያ ቫይታሚን ከሌለ የምትበላው ካልሲየም አጥንትና ቅርፊት ሳይሆን ይቀራል።

የውሃ ኤሊያችን የመስታወት ገንዳዋ መስኮት ሥር ስለሆነ ግማሽ ቀን ፀሐይ ታገኛለች። ግን የቅርፊቷ ጠርዝ ስንጫነው ይሰረጉዳል። ምን አጎደልን? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

ዩቪቢ ነው የጎደላት። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ዩቪቢን ግን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። የእናንተ ኤሊ ደግሞ በሁለት መስታወት ተከልላለች፤ በመስኮቱም በገንዳውም። ገና ትንሽ የሆነች ኤሊ ቅርፊት በመጠኑ ቢለጠጥ ጤነኛ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ያለፈች ግን ስትጫኗት መሰርጎድ የለባትም። እግሯን የምትጎትት ወይም የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ፀሐይ ብቻ አያድናትም፤ ካልሲየም በመርፌ ሊያስፈልጋት ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

የሀዋሳ ሰው ግን ዕድለኛ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በበጋ ጥሩ ዩቪቢ በነፃ ታገኛላችሁ። ሰፊ ሳፋ ውሰዱና ጀርባዋን ለመሸፈን የሚበቃ ውሃ ጨምሩበት። በአንዱ ጎን ከውሃው ከፍ ብሎ የሚታይ ጡብ አስቀምጡ፤ የሳፋውን ግማሽ ደግሞ በጣውላ አጥሉት። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህል፣ በሳምንት 4 ወይም 5 ቀን አውጧት። ሕፃን የምናሞቅበት የማለዳ ፀሐይ ለስላሳ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ስላለች ግን ዩቪቢው ደካማ ነው። ጥላው የግድ ነው። ኤሊ ላብ ስለሌላት ሲበዛባት የምትሸሽበት ቦታ ካላገኘች በሙቀት ትሞታለች። የመስታወቱን ገንዳ ራሱን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፤ ሙቀቱ ውስጡ ይታፈንና ውሃው በፍጥነት ይግላል። በሐይቁ አካባቢ አባ ኮዳ፣ ጭልፊትና ጦጣ ስለማይጠፉ ሳፋውን በዶሮ ሽቦ ክደኑት።

ስንት ዋት አምፖል ልግዛ? (እህታችሁ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ)

ከአምፖሉ በፊት ቴርሞሜትር ግዢ፤ ለጫጩት ማሞቂያ የሚያገለግለው ይበቃሻል። አንድ አይነት 50 ዋት አምፖል በጠባብ ክፍልና ነፋስ በሚገባበት በረንዳ እኩል አያሞቅም፤ ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ልክ በዲግሪ እንጂ በዋት አይገኝም። ኤልኢዲ አትግዢ፤ ቁጠባው ጥሩ ቢሆንም አያሞቅም። 50 ዋት ሃሎጅን ወይም የድሮውን ባለ ክር አምፖል ከመሞቂያዋ ድንጋይ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ስቀዪው። ቴርሞሜትሩን ድንጋዩ ላይ፣ የኤሊዋ ጀርባ በሚደርስበት ከፍታ አስቀምጠሽ አንድ ሰዓት ጠብቂ። ለተለመደችው ባለ ቀይ ጆሮ የውሃ ኤሊ 30–33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ነው፤ ውሃው ከ24 እስከ 27 ይሁን። ድንጋዩ 38 ካሳየ አምፖሉን በ5 ሴንቲ ሜትር እያነሳሽ ደግመሽ ለኪ። ብርሃኑ ጀርባዋን በሙሉ መሸፈን አለበት፤ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ካረፈ ያንን ያቃጥለዋል።

ኤሊዋም ትነግርሻለች። ድንጋዩ ላይ ውላ የማትወርድ ከሆነ በቂ ሙቀት አላገኘችም፤ መውጫው ሳያስቸግራት ጨርሶ የማትወጣ ከሆነ ድንጋዩ ግሎባት ይሆናል። አንድ ነገር አደራ፦ የጋለ ሃሎጅን ላይ የውሃ ጠብታ ካረፈ ይሰነጠቃል። አምፖሉን በመቆንጠጫ ብቻ ሳይሆን በሰንሰለትም እሰሪው፤ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ለአንቺም ለእሷም አደጋ ነው።

ዘመድ ያመጣልኝ ሙቀትና ዩቪቢ በአንድ የሚሰጥ አምፖል መብራት ሲዋዥቅ ይጠፋል፤ ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል አይበራም። ተበላሽቶ ይሆን? (ከመናኸሪያ)

አልተበላሸም። የሜርኩሪ ትነት አምፖል ነው። ሲግል የውስጥ ግፊቱ ስለሚጨምር አንዴ ከጠፋ እስኪቀዘቅዝ መልሶ አይቀጣጠልም፤ ቮልቴጅ ለአፍታ መውረዱ ብቻ ያጠፋዋል። እየጠፋ እየበራ ዕድሜው ያጥራል። ስታቢላይዘር ይረዳል፤ መብራት ሲሄድ ግን ምንም አያደርግም። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር የሚሻለው ሁለቱን መለየት ነው፦ ለሙቀት ሃሎጅን፣ ለዩቪቢ ደግሞ ዩቪቢ የሚሰጥ ፍሎረሰንት። ይህንኑ የሚቀጥሉበት ከሆነ መያዣው የፕላስቲክ ሳይሆን የሸክላ ይሁን፤ ብርሃን መቀነሻ (ዲመር) ላይም አይሰኩት። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ደግሞ አንገቱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። 120 ቮልት የሚል አምፖል በእኛ 220 ቮልት ሊፈነዳ ይችላል።

የወባ ትንኝ መግደያው ሰማያዊ መብራት አልትራቫዮሌት ነው ተባልኩ። ያገለግላል?

አያገለግልም። እሱም፣ የብር ኖት መፈተሻውም፣ የጥፍር ቀለም ማድረቂያውም የሚሰጡት ዩቪኤ የሚባለውን ሌላ ዓይነት አልትራቫዮሌት ነው፤ ዲ3 አያሠራም። የጀርም መግደያው መብራት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ዩቪሲ የሚባለው አልትራቫዮሌቱ የኤሊዋንም የእርስዎንም ዓይን ያቃጥላል።

ሌሊት ቀይ አምፖል ላብራላት? መብራት ሲሄድስ?

ቀይ ብርሃን ይታያታል፤ እንቅልፍ ይነሳታል። ሌሊት ለ12 ሰዓት ያህል ጨለማ ያስፈልጋታል። ለቅዝቃዜው የውሃ ማሞቂያ ያስገቡ፤ ለአንድ ሊትር 1 ዋት ብለው ያስቡ። ውሃ ሲቀይሩ አስቀድመው ይንቀሉት፤ ከውሃ ውጭ ከጋለ መስታወቱ ይሰነጠቃል። መብራት ከሄደ የገንዳውን ጎኖች በጋቢ ይጠቅልሉ፤ ላዩን ለአየር ይተዉት። የፈላ ውሃ አይጨምሩ። እስክትሞቅም ምግብ አይስጧት፤ ስትቀዘቅዝ አይፈጭላትም።

አላሙራ አካባቢ የየብስ ኤሊ አገኘን። ምን መብራት እንግዛላት?

አትግዙ፤ ያገኛችሁበት መልሷት። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል።

የክረምቱ ደመና ሲበዛ የምጠቀምበት የዩቪቢ ፍሎረሰንት ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አሁንም ደምቆ ይበራል። ለምን ልቀይረው?

ድምቀቱ ዩቪቢውን ስለማያሳይ ነው። ብርሃኑ ሳይቀንስ ዩቪቢው ቀድሞ ይደክማል። ወፍራሙን ቲ-8 በየ6 ወሩ፣ ቀጭኑን ቲ-5 በየ12 ወሩ መቀየር ያስፈልጋል። የሚያበሩት ለክረምቱ ብቻ ከሆነ የበራባቸውን ወራት ብቻ ይቁጠሩ። ቲ-8ን ከጀርባዋ 20፣ ቲ-5ን 35 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ይስቀሉ፤ በመካከሉ መስታወትም ፕላስቲክም አይኑር። ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት እንኳ ከጨረሩ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ሊያስቀር ይችላል። አዲሱን ሲሰቅሉ ቀኑን በማርከር ጫፉ ላይ ይጻፉበት።