ደጅ ያደረ እሸት ቡና

ባለፈው ሐሙስ ከጅማው ሒርማታ ገበያ እንደተመለስኩ፣ በቅርቡ ሥራ የጀመረች የጎረቤቴ ልጅ የሩብ ዓመት ሪፖርቷን ልታሳየኝ መጣች። የስድስት ቅርንጫፎችን ቁጠባ በስድስት ትናንሽ ግራፎች በአንድ ገጽ ደርድራለች። ያምራል። ቁጥር የሚጻፍባቸው ቋሚ ዘንጎቻቸው ግን የየራሳቸው ልኬት ነበራቸው። ይህን ስነግራት «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ አስተካክሎ ያወጣውን ለምን እነካዋለሁ?» አለችኝ። የሆነ መልስ ሰጥቼ ሸኘኋት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ሪፖርት አዘጋጅ ነበርኩ። ቀደም ሲል ግራፍ የምንስለው በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ነበር። አለቃዬ እርሳሳቸውን በምላጭ ሲቀርጹ ዛሬም ይታዩኛል። በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ሳጥን አሥር ኩንታል ከሆነ ለሁሉም ግራፍ አሥር ኩንታል ነው፤ ሌላ ነገር አናስብም ነበር። በኋላ የመጣው የኮምፒውተር ፕሮግራም ኤክሴል ግን እያንዳንዱን ግራፍ ለብቻው ያያል። በውስጡ ያለውን ትልቁን ቁጥር ተመልክቶ የዘንጉን ጫፍ ይወስናል። በዚህም የ40 ኩንታሉና የ380 ኩንታሉ መስመር እኩል ከፍታ ላይ ይደርሳሉ።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ እሸት ቡና የሚጎርፍበት። ስድስት የእሸት መሰብሰቢያ ቦታዎች ነበሩን፤ የተገኘው ተጨማሪ የጭነት መኪና ግን አንድ ብቻ ነው። የት እንደሚሰማራ የሚወሰነው እኔ በኤክሴል ባዘጋጀሁት የግራፍ ገጽ ነበር። ትንሿ ቦታ በሳምንት ከምትረከበው 10 ኩንታል ወደ 40 ስለወጣች መስመሯ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ወጥቷል። በአጋሮ መንገድ ያለችው ትልቋ ከ300 ወደ 380 ብትደርስም መስመሯ ለስላሳ ዳገት ሆኖ ታየ። መኪናው ወደ ትንሿ ሄደ። ዘንጉን ያነበበ አልነበረም፤ እኔም አላመለከትኩም።

ታጥቦ የሚዘጋጅ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ትልቋ ቦታ የተረከበችውን የሚያነሳላት አጥታ ስለሞላች ገበሬዎቹ እሸታቸውን እንደያዙ ደጅ አደሩ። ጠዋት ስደርስ ጆንያዎቹ ሞቀዋል፤ ሽታቸው የጠላ ጥንስስ ይመስላል። ተረካቢው አልቀበልም አለ። አንድ አዛውንት እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ከትተው አሸተቱና በኦሮምኛ «ትናንት እኮ ደህና ነበር» አሉኝ። ከነቅርፊቱ አድርቀው ጀንፈል አድርገው በርካሽ ሊሸጡት በቅሏቸው ላይ መልሰው ጫኑት። ስለ ግራፉ ልነግራቸው ድፍረት አጣሁ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሪፖርት የምታዘጋጁ ልጆቼ፣ ከማተማችሁ በፊት የዘንጉን መነሻና መድረሻ በእጃችሁ ለሁሉም ግራፎች አንድ አድርጉ። ወሮቹም ይመሳሰሉ፤ አንዱ ግራፍ ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ከሐምሌ፣ ሌላው ከመስከረም ከተነሳ አንባቢው ይሳሳታል። ዛሬ ቀለም መምረጥ ላይ ብዙ ሰዓት ታጠፋላችሁ፤ ቁጥሩ የመጣበትን ቦታ ሄዶ ማየት ላይ ግን ትሰንፋላችሁ። ይህ ያሳዝነኛል። እኔም ያን ጊዜ አንድ ቀን ቀድሜ ብሄድ ኖሮ ክምሩን አይ ነበር።

ሁልጊዜ አንድ ልኬት ይሁን ልላችሁ ነበር፤ ግን እኔ ራሴ በኋላ ይህን ሕግ ጥሻለሁ። የቆላው ቡና ቀድሞ፣ የደጋው ዘግይቶ እንደሚቀላ ለማሳየት ስፈልግ በአንድ ልኬት የትንሿ ቦታ መስመር ወለል ላይ ተኝቶ ምንም አይናገርም ነበር። ያን ጊዜ ለየብቻ ለክቼ «ልኬቱ የተለያየ ነው» ብዬ ከላይ በጉልህ ጻፍኩ። ጥያቄው «መቼ?» ከሆነ ይቻላል፤ «ስንት?» ከሆነ አይቻልም።

ልጅቷ ቅዳሜ ገጹን አስተካክላ ተመለሰች። የአንዷ ቅርንጫፍ መስመር ከታች ተጋድሟል። «አለቃዬ ይህች ቅርንጫፍ ምንም አልሠራችም ቢሉስ?» ብላ ተጨነቀች። በመስመሩ ጫፍ ላይ ቁጥሩን አብረን ጻፍንበት።