ስለ ሳዲዮ ማኔ ሀብት ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ስለ ሴኔጋላዊው ኳስ ተጫዋች ስለ ሳዲዮ ማኔ ገንዘብ ብዙ ጥያቄ መጥቶልኛል። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማኔ በትክክል ስንት ሚሊዮን አለው? አንዱ የሚለው ሌላው ከሚለው አይገናኝም።

መልስ፦ አይገናኝም፤ ምክንያቱም ሁሉም ግምት ነው። ጋዜጣ ላይ የወጣውን ሳምንታዊ ደሞዝ በ52 ያባዛሉ፣ በውሉ ዓመታት ያባዛሉ፣ የማስታወቂያ ገቢ ይደምራሉ፣ አለቀ። ግብሩ፣ የወኪሉ ድርሻ፣ የሰጠው ገንዘብ አይቀነስም። እንዲህ ያለውን ቁጥር ባታምኑት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሊቨርፑል በ34 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶት የለ እንዴ? እሱ ብቻ አይበቃም?

መልስ፦ በ2016 ያንን ገንዘብ የተቀበለው ማኔ ይጫወትበት የነበረው የእንግሊዝ ክለብ ሳውዝሃምፕተን ነው። የዝውውር ሂሳብ ከክለብ ወደ ክለብ ነው የሚሄደው። ተጫዋቹ ደሞዝ፣ የፊርማ ገንዘብ፣ ቦነስና የማስታወቂያ ገቢ ያገኛል። ተጫዋቹ ከአገር ወደ አገር ሲሸጥ ደግሞ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ያሳደጉት ክለቦች ከሂሳቡ እስከ 5 በመቶ ይካፈላሉ። የፊፋ ደንብ ነው። ለትንንሽ አካዳሚዎች ትልቅ ነገር ነው፤ በጣም የምወደው ደንብ።

ጥያቄ፦ በሳምንት 100 ሺህ ፓውንድ የሚከፈለው ሰው እጁ ላይ ስንት ይገባል?

መልስ፦ እንግሊዝ ውስጥ ከሆነ ግማሹን ያህል በሉት። ከፍተኛው የገቢ ግብር 45 በመቶ ነው፤ የማኅበራዊ መድን መዋጮም አለ። ሳዑዲ ውስጥ ግን ከደሞዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም። ማኔ በ2023 ከባየርን ሙኒክ ወደ ሳዑዲው ክለብ አል ናስር ሲሄድ 31 ዓመቱ ነበር። «ለገንዘብ ሄደ» ያሉት ብዙ ናቸው። እኔ አልፈርድበትም፤ ኳስ ተጫዋች የሚሠራባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን ተወውና፣ ከጨዋታዎቹ የቱን ትመርጣለህ?

መልስ፦ በግንቦት 2015 ለሳውዝሃምፕተን አስቶን ቪላ ላይ በ176 ሰከንድ ሦስት ጎል አስቆጥሯል። የፕሪሚየር ሊጉ ፈጣኑ ሀትሪክ ነው። እኔ ግን የካቲት 2022 ያውንዴን እመርጣለሁ። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሴኔጋል ከግብጽ። 7ኛው ደቂቃ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ የግብጹ ግብ ጠባቂ ጋባስኪ አወጣበት። 120 ደቂቃ ያንን ተሸክሞ ተጫወተ። መለያ ምት ላይ የመጨረሻውን ሊመታ የመጣው ራሱ ማኔ ነበር። አገባ። ሴኔጋል ከዚያ በፊት ዋንጫውን አንስታ አታውቅም። ያቺን ምት ሳያት ዛሬም እግሬ ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ የታየው ቆጥቋጣ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ቆጥቋጣስ አይደለም። የተወለደው ባምባሊ በምትባል የደቡብ ሴኔጋል መንደር ነው። አባቱ ታመው ሲሞቱ ገና ትንሽ ልጅ ነበር፤ መንደሩ ሆስፒታል አልነበረውም። በ2021 እዚያው ባምባሊ በራሱ ገንዘብ ያሠራው ሆስፒታል ተከፈተ። ወጪው ከግማሽ ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። ትምህርት ቤትም አሠርቷል። ሀብቱን የሚገምቱት ገጾች ይህን ከድምሩ ላይ ሲቀንሱ አላየሁም።

ጥያቄ፦ በአካዳሚ ያደገ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ዳካር ያለው ጀነሬሽን ፉት። ከዚያ የፈረንሳዩ ክለብ ሜትዝ፣ ከዚያ የኦስትሪያው ሳልዝበርግ። ዳካር ለሙከራ ሲሄድ ጫማው የተቀደደ ነበር፤ የኳስ ቁምጣም አልነበረውም። መዝጋቢው ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አይተውት በዚህ ጫማ ነው የምትጫወተው ብለው ጠየቁት። ሜዳ ገባ፤ ቡድናቸው ውስጥ አስገቡት።