መጀመሪያ ይሂድ፣ ከዚያ ይጌጥ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። በስልክ ረጅም ነገር መጻፍ ስለማይሆንልኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስልህ። ይረዝማል፣ ቡናህን ይዘህ ና።

ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። በ1:87 ልክ የተሠራ ያገለገለ የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ገዝተሃል። ይሄዳል፣ ግን እየተንገጫገጨ ነው። የድሮውን የለገሃር ባቡር እንዲመስልልህ ትፈልጋለህ። እና "ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚነፋ መሣሪያ) ልግዛ ወይስ ጭስ ማውጫውንና ጉልላቱን በ3ዲ ፕሪንተር ላሳትም?" ብለሃል።

ከሁለቱም በፊት ባቡሩ ይሂድ። በደንብ ይሂድ። እዚህ ጀርመን 11 ዓመት በዚህ ነገር ስጫወት (ባለቤቴ "ስትጃጃል" ነው የምትለው) ካበላሸኋቸው ባቡሮች አብዛኞቹን ያበላሸሁት ከቀለም ስለጀመርኩ ነው። ተቀብቶ፣ ተውቦ፣ ቁጥር ተለጥፎለት ሐዲድ ላይ ሲወጣ ሁለት ስንዝር ሄዶ የሚቆም ባቡር ምን ይሠራል? ልትጠግነው ስትፈታው ደግሞ ያ ሁሉ የለፋህበት ሽቦ ጣትህ ላይ ይቀራል።

ስለ ሐዲዱ ስፋት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በኋላ ሰው ይነግርህና ትናደዳለህ። የኛ የድሮ ምድር ባቡር ሐዲድ ስፋቱ ልክ 1 ሜትር ነበር። በ1:87 ሲሰላ 11.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል፤ ለዚህ ገበያ ላይ ያለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው፣ የስዊዘርላንድን የተራራ ባቡሮች የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት። ያንተ ግን በፎቶው እንዳየሁት 16.5 ነው። ያ ማለት 1435 ሚሊ ሜትሩ የአውሮፓ መስመር ነው። የሚገርመው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር 1435 ስለሆነ ለሱ ልክ ነበርክ፤ ግን እዚያ ላይ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፣ ጭስ የለውም።

ሽጠው አልልህም። የመጀመሪያ ባቡርህ መማሪያ ነው፣ በሱ ላይ እጅህን አፍታ። እንግዳ ቤትህ መጥቶ በካሊብሮ ሐዲድ አይለካብህም። ሁለተኛውን ስትገዛ ባለ 12ቱን ፈልግ።

ከታች አንዱ ወንድማችን የአስመራ ምጽዋን ማሌት የሚባል የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሥራ ብሎሃል። ቆንጆ ባቡር ነው፣ አልክድም። 442 የሚባሉት ማሌቶች እ.ኤ.አ. በ1938 አንሳልዶ የሠራቸው ናቸው፣ ሐዲዳቸውም 950 ሚሊ ሜትር ነው። ግን ከሥሩ ሁለት የተለያየ የጎማ ስብስብ አለው፤ የፊተኛው በየኩርባው ለብቻው ይታጠፋል። ጀማሪን የሚያስለቅስ ሥራ ነው፣ ለሦስተኛ ባቡርህ አቆየው።

ለሚገዙ ሌሎች ደግሞ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ። በማርክሊን (የጀርመን ሞዴል ባቡር ሠሪ ነው) ስርዓት ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከሐዲዱ መሃል ከተደረደሩ ነጥቦች ነው፤ ሎኮሞቲቩ ሆዱ ሥር ረጅም የብረት መንሸራተቻ አለው። በተራ ባለ ሁለት ሐዲድ መስመር ላይ ስታስቀምጡት ሾርት ያደርጋል። እኔ የመጀመሪያዬን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝቼ ሳምንት ሙሉ ሻጩን ስረግመው ከረምኩ። ምስኪኑ ሰውዬ ምንም አላጠፋም፣ እኔ ነኝ ሳላይ የገዛሁት።

ወደ መንገጫገጩ እንምጣ። ካገለገለ ባቡር ውስጥ የምታገኘው በሽታ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ግራሶው ደርቆ ሙጫ ሆኗል፣ ጎማው ላይ ጥቁር እድፍ ተጋግሯል፣ የሚይዝ እንዲሆን ጎማው ላይ የሚገባው የላስቲክ ቀለበት ተሰነጣጥቋል። ጎማዎቹን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረግ። ጥርሳም ጎማዎቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዳ። ዘይት ስትጨምር ከጠርሙሱ አታፍስስ፤ መርፌ ዘይት ውስጥ ነክረህ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችውን ጠብታ ብቻ አክስሉ (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኘው ዘንግ) ላይ አስነካ። በቃ። የበዛ ዘይት ወደ ጎማው ወርዶ ኤሌክትሪክ ይከለክልሃል፣ ከዚያ እንደገና ትጠርጋለህ። ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ ያለ ጭነት በቀስታ አሂደው።

አሁን ዋናው። ጎማዎቹን ከአክስላቸው አታውጣ። ማውጣት ግድ ከሆነ አንድ በአንድ አውጣ።

ይሄን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። ድሬዳዋ አትሊዬ (የምድር ባቡሩ ጥገና ቤት) ቶርኖ ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው፤ እሱ የደረሰው በናፍጣዎቹ ጊዜ ቢሆንም ስለ እንፋሎቶቹ ከትላልቆቹ ሰምቶ ያደገ ነው። ሁለተኛ ባቡሬን ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ ገጥሜ ስጨርስ ቪዲዮ ቀርጬ በቴሌግራም ላክሁለት። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ትንሽ ያነክሳል፣ እኔ ሞተሩ ነው ብዬ ነበር። እሱ አላመሰገነኝም። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ሁለት እግሩን ባንዴ ነው እንዴ የሚያነሳው?" አለኝ። አልገባኝም። "የግራውና የቀኙ ቢየላ እኩል ወጥቶ እኩል ይወርዳል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ሲደርሱ ማን ነው የሚገፋው?"

እውነቱን ነው። ቢየላ ማለት ጎማዎቹን ከጎን የሚያያይዘው ዘንግ ነው፤ ክራንክ ደግሞ ጎማው ላይ ቢየላው የሚታሰርበት ቦታ። በእውነተኛው ሎኮሞቲቭ የግራውና የቀኙ ክራንክ በ90 ዲግሪ ይለያያሉ። አንዱ ፒስቶን ጫፍ ደርሶ ጉልበት ሲያጣ ሌላው መሃል ላይ ሆኖ በሙሉ ኃይሉ ይገፋል። ያለዚያ ባቡሩ መጥፎ ቦታ ላይ ከቆመ መነሳት አይችልም። "በሞዴል የሚገፋው ሞተር ነው፣ ምን አገባኝ" ትል ይሆናል። ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ የሚያዞረው አንዱን አክስል ብቻ ነው፣ ሌሎቹን የሚያዞራቸው ቢየላው ነው። ሁለቱም ጎን ባንዴ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚጎተተው ጎማ ወደፊት ይዙር ወደኋላ አያውቅም፤ እዚያች ላይ ያነክሳል። አንዱ አክስል ከሌሎቹ በትንሽ እንኳ ቢዛነፍም ያው ነው።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። አንዱን አክስል እንደ መለኪያ ትተወዋለህ። የቀኙን ክራንክ ቀጥ አድርገህ ወደታች ስታቆም በግራ በኩል ያለው ከመሃል ወደ ጠርዝ ከተዘረጉት የጎማው ዘንጎች ከየትኛው ፊት ለፊት እንደሚሆን ትቆጥራለህ። ሌሎቹን አክስሎች በዚያው ታስተካክላለህ። ከዚያ ቢየላውን ትገጥምና ሞተሩን ሳታገናኝ በጣትህ ትገፋዋለህ። እንደ ቅቤ ከሄደ ጨርሰሃል። አንድ ቦታ ላይ ጣትህን ከያዘው ግን ሞተር አትግጠምበት።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ መልኩ የምናወራው።

ፎቶ ምረጥ። አንድ ፎቶ፣ አሥር አይደለም። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ናፍጣዎቹ የመጡት በ1950ዎቹ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሎኮሞቲቮቹ ተቀያይረዋል፣ ተጠጋግነዋል። ከሦስት ፎቶ ጭስ ማውጫ፣ መብራትና ካቢን ለቅመህ ካገጣጠምክ በዓለም ላይ ያልነበረ ባቡር ትሠራለህ። ከለገሃር ሕንፃ ፊት ልታቆመው ካሰብክ ደግሞ ሕንፃው እ.ኤ.አ. የ1929 መሆኑን አትርሳ። የድሮ ፖስትካርዶች ከጅቡቲም ከድሬዳዋም ብዙ አሉ።

ልክ ከየት አገኛለሁ ካልክ፣ ከሐዲዱ። ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ካገኘህ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1 ሜትር እንዳለ ታውቃለህ። ፎቶው ላይ ያ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር፣ ጭስ ማውጫው ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ እውነተኛው ጭስ ማውጫ 40 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። ለ87 አካፍለው፣ 4.6 ሚሊ ሜትር። ራቅ ያለ ነገር በፎቶ ስለሚያንስ ወደኋላ ላለው ክፍል ትንሽ ጨምርለት።

መጀመሪያ የምትሠራው የእጅ መያዣውን ይሁን፣ በቦይለሩ (ውኃው በሚፈላበት በርሜል) ጎን የሚሄደውን ረጅም ዘንግ። ርካሽ ሞዴሎች ላይ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ እብጠት ነው፣ መጫወቻ የሚያስመስለውም እሱ ነው። በምላጭ ቀርፈህ አንሳው፣ ቦታውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልስ። እውነተኛው ቧንቧ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ያንተ 0.35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ 0.3 ወይም 0.4 የናስ ሽቦ ግዛ። ቀዳዳውን በኤሌክትሪክ ትራፓኖ እንዳትሞክረው፣ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። በጣት የምትሽከረከር ትንሽ መሰርሰሪያ አለች። መጀመሪያ በመርፌ ጫፍ ነጥብ ምታ፣ አለበለዚያ መሰርሰሪያው ይንሸራተትና ቦይለሩን ይጭረዋል። ሳትጫን አሽከርክር። መሰርሰሪያ ይሰበራል፤ አምስት ስድስት አድርገህ ግዛ።

ሽቦው ከጥቅል ስለሚወጣ ጠማማ ነው። አንዱን ጫፍ በጉጠት ጠረጴዛ ላይ እሰር፣ ሌላውን በፒንሳ ይዘህ ትንሽ እስኪለጠጥ ሳብ። ሲለቅህ እጅህ ላይ ይታወቅሃል፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እኔ አንዴ ሽቦ አልቆብኝ የተበጠሰ የክራር ብረት ክር ተጠቅሜያለሁ። ቀጥ ላለው ግሩም ነው፣ ለሚታጠፈው ግን እንቢ ይላል። ይዝጋልም።

ብየዳ ላይ አልቆይም። ለናስ በ145 ዲግሪ የሚቀልጥ ሊድ ይበቃል። ነገር ግን ከዕቃ መሸጫዎች የምትገዛቸው አንዳንድ ጉልላቶችና ጭስ ማውጫዎች ለስላሳ ነጭ ብረት ናቸው፤ በተራ መበየጃ ከነካሃቸው በሁለት ሰከንድ ይፈሳሉ። አንድ ያማረ ጭስ ማውጫ ዓይኔ እያየ ጠብ ብሎ ቀርቷል። እነሱን በኮላ አጣብቅ። 3ዲውም እንደዚሁ ለጉልላት፣ ለጭስ ማውጫ፣ ለመብራት ጥሩ ነው፣ በተለይ በሬዚን የሚያትመው። ክር እየደረበ የሚያትመው ግን ቦይለር ላይ መስመር መስመር ይተውብሃል። ጎማና ቢየላ አታሳትም፣ ይጣመማል።

ኤርብራሽ? ለአንድ ባቡር አይገዛም። ሰውነቱን በሳሙና እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ በኋላ በጣትህ አትንካው። ናስ ያለበትን አንቲሩጂኔ ቀባው። የስፕሬይ ጣሳውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆየው፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቀህ ስስ ስስ አድርገህ ሦስት ጊዜ ንፋ። ቀለሙ ድፍን ያለ ጥቁር አይሁን። ትንሽ ነገር ላይ ንጹህ ጥቁር ሁሉንም ዝርዝር ይውጠዋል፤ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ፈልግ።

አሁን እኔ የምወደው ክፍል መጣ፣ ማቆሸሽ። አብዛኛው ሰው የሚማረው ከአውሮፓ ሞዴሎች ነው፤ እነዚያ እርጥብ አገር ናቸው፣ ዝገታቸው ጥቁርና ቡኒ ነው። ያንተ ባቡር ግን ከጅቡቲ ተነስቶ በበረሃ ነው የሚወጣው። ከታች ወደላይ አስበው፦ ጎማውና ሆዱ አመድማ ቢጫ አቧራ፣ ወገቡ ላይ እየሳሳ የሚሄድ፣ ከላይ ጥላሸት። ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ አልብሰው። ውኃ በሚገባበትና እንፋሎት በሚያመልጥበት ቦታ ነጭ የኖራ መስመር ይወርዳል፤ በጣም በቀጠነ ነጭ ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ ወደታች ሳብ። ቢየላውን አቧራ አታልብሰው፣ ዘይት ስለሚነካው ያብለጨልጫል፤ የእርሳስ ጫፍ አሽበት። ቴንደሩ (ከሰልና ውኃ የሚጫንበት ተጎታች) ላይ የምንጠቀመውን ተራ ከሰል አድቅቄ ለጥፌ አይቻለሁ፣ ደብዛዛ ሆነ። የድንጋይ ከሰል ብርሃን ሲያገኘው ብልጭ ይላል፤ አንድ ጭብጥ እውነተኛውን ፈልገህ አድቅቀው።

ከአንድ ክንድ ርቀት ሲታይ የማይታየውን ነገር ለመሥራት አትድከም። እኔ የአንዱን ካቢን ውስጥ በሳምንት ሠርቼ ጣሪያውን ስከድነው ማንም አላየውም። አሁንም አላየውም።

አሁን ምንም ሳትፈታ ገልብጠው፣ የሆዱንና የሁለቱንም ጎን ቢየላ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልን። የግራው ክራንክ የት ላይ እንዳለ ካየሁ መንገጫገጩ ከእድፍ ይሁን ከጎማው አገጣጠም እነግርሃለሁ።