ስኮን ለምን ብስኩት ይሆናል? የአየርላንድ የቁርስ ስኮን አጋገር

እህቴ፣ «የአየርላንድ የቁርስ ስኮን ጋግሬ ተዘርግቶ ደረቀብኝ፣ አፍ ላይም ሳሙና ሳሙና ይላል» ብለሻል። (ስኮን ያለ እርሾ የሚጋገር ትንሽ ለስላሳ ዳቦ ነው።) ቤኪንግ ፓውደር ስላጣሽ በምትኩ ያንኑ ያህል ቤኪንግ ሶዳ በወተት እንደተጠቀምሽ፣ ሊጡንም እንደ ዳቦ 10 ደቂቃ እንዳሸሽው ጽፈሻል። ያበላሹት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ከጣዕሙ ልጀምር። ሶዳ እንዲሠራ ኮምጣጣ ነገር ይፈልጋል። ያልኮመጠጠ ወተት ውስጥ ሲገባ ትርፉ ሊጡ ውስጥ ይቀራል፤ ሳሙና ሳሙና የሚለው እሱ ነው። አየርላንዶች ሶዳን በአሬራ ነው የሚያቦኩት። ዱሮ የሚጠቀሙበት ቅቤው ተንጦ ሲወጣ የሚቀረውን ነበር፣ ማለትም ያው የኛው አሬራ። ስለዚህ አሬራ ካገኘሽ ከሱቅ የሚገዛውን አትፈልጊ። ካጣሽ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ 240 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ ጨምረሽ 10 ደቂቃ አስቀምጪው።

መጠኑ ከ10 እስከ 12 ስኮን ለሚወጣው ይህ ነው፦ 450 ግራም ነጭ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 50 ግራም ስኳር፣ 85 ግራም ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ 1 እንቁላል፣ 240 ሚሊ ሊትር አሬራ። ዘቢብ ከወደድሽ 75 ግራም። በተራ ወተት የምትሠሪ ከሆነ ሶዳውን ተዪና ቤኪንግ ፓውደሩን 4 የሻይ ማንኪያ አድርጊው። ሁሉም ማንኪያ ልክ እስከ አፉ እንጂ የተቆለለ አይደለም። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ከሆንሽ ደግሞ ከፓውደሩም ከሶዳውም ሩብ ሩቡን ቀንሺ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይነፋና መልሶ ይወድቃል።

የአየርላንድ ስንዴ ለስላሳ ነው፣ ግሉተኑም፣ ማለትም ሊጥ ሲታሽ የሚያጠነክረው ፕሮቲን፣ አነስተኛ ነው። ሊጡን እንደ ዳቦ ማሸት ስኮኑን የሚያደርቀውም ለዚህ ነው። ያለሽ ለዳቦ የሚሆን ጠንካራ ዱቄት ከሆነ 50 ግራሙን በኮርን ስታርች ተኪው። የተነጠረ ቅቤ ግን አይሆንም፤ ከቅመሙ ሌላ ውሃው ስለወጣለት እንፋሎት አይሰጥም።

ኦቨኑን 220 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ አስቀድመሽ አሙቂ። ደረቁን ሁሉ አብረሽ ንፊው። ቅቤውን በትንንሹ ቆርጠሽ በጣትሽ ጫፍ ብቻ ከዱቄቱ ጋር ፈትጊው፤ መዳፍ ይሞቃል፣ ቅቤውን ያቀልጠዋል። ዱቄቱ ፍርፋሪ መስሎ፣ እዚህም እዚያም የምስር ፍሬ የሚያህል ቅቤ ሲታይሽ አቁሚ። ስኮኑ ሲሰበር ንብርብር የሚኖረው እነዚያ ፍሬዎች ኦቨን ውስጥ ቀልጠው በእንፋሎታቸው ሊጡን ስለሚያነሱት ነው። ዘቢቡም አሁን ይገባል።

እንቁላሉን ከአሬራው ጋር ምቺና 2 የሾርባ ማንኪያ ለመቀቢያ አስቀሪ። የቀረውን በአንድ ጊዜ ጨምረሽ በሹካ ወይም በተዘረጉ ጣቶች ቶሎ ቶሎ አዋህጂው። ሊጡ ጣት ላይ መለጠፍ አለበት። ዱቄት እየጨመሩ «ማስተካከል» ነው ብዙ ስኮን ያደረቀው፣ እባክሽ እሱን ተዪ። ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ ገልብጠሽ ሁለት ሦስቴ ብቻ አጠፍ አጠፍ አድርጊና በእጅሽ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላይ ጠፍጥፊው። ከዚያ በቀጠነ ቁጥር ብስኩት ነው።

ሊጡን በብርጭቆ አትቁረጪ፤ አፉ ዱልዱም ስለሆነ ጠርዙን ይጨፈልቀዋል፣ ስኮኑም ወደ ጎን ያዘነብላል። ስለት ያለው ክብ ቆርቆሮ ከሌለሽ በቢላ አራት ማዕዘን መቁረጥ ይሻላል። ቀጥ አድርገሽ ተጫኚ፣ አታዙሪው። ያስቀረሽውን አናቱ ላይ ብቻ ቀቢ፤ ወደ ጎኑ ከፈሰሰ አጣብቆ ይይዘዋል። ትሪው ላይ በጣት ስፋት አቀራርበሽ ደርድሪያቸው፣ ተደጋግፈው ወደ ላይ ይወጣሉ።

ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ሥሩን በጣት ስታንኳኪው ባዶ ቆርቆሮ የመሰለ ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ለስላሳ ቆዳ ከፈለግሽ ትኩሱን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኚው። እዚያ አገር ለቁርስ የሚበላው ለሁለት ተከፍሎ፣ ቅቤና የእንጆሪ ማርማላታ ተቀብቶ፣ ከጠንካራ ሻይ ጋር ነው። በማግስቱ ስለሚደርቅ ትርፉን ያኔውኑ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢና ስትፈልጊ በ160 ዲግሪ 8 ደቂቃ ያህል አሙቂው።